የባዕድን ቋንቋ በገዛ አንደበት

የባዕድ ቋንቋ የሚማር ልጅ ሁለት ፍርሃት አለበት። አንደኛው፥ ተሳስቶ ሲናገር ጓደኞቹ እንዳይሥቁበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ አሳምሮ ሲናገር «ይህስ ፈረንጅ መሆን አማረው» ብለው እንዳይዘብቱበት ነው። በነዚህ በሁለቱ ፍርሃቶች መካከል ተጨንቆ ዝም የሚል ተማሪ ብዙ ነው፤ ዝም ያለም ሳይማር ይቀራል። ይህን ጭንቀት በትምህርት መርምረው መካከለኛውን መንገድ ያሳዩ አንድ አፍሪካዊ ሊቅ ነበሩ። ስማቸው አዮ ባንጆ፥ አገራቸውም ናይጄርያ ነው። ታሪካቸውን ማወቅ ለተማሪ ሁሉ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናይጄርያ በምዕራብ አፍሪካ በባሕር ዳር ያለች ሰፊ አገር ናት። ስሟንም ያገኘችው ኒጀር ከሚባለው ከታላቁ ወንዝ ነው። በዚያች አገር ከአምስት መቶ የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በሰሜን ሐውሳ፥ በደቡብ ምዕራብ ዮሩባ፥ በደቡብ ምሥራቅ ኢግቦ ብዙ ሕዝብ የሚናገርባቸው ናቸው። እንግሊዞች በ1914 ዓ.ም. ሰሜኑንና ደቡቡን አጋጥመው አንድ ግዛት አደረጉት፤ በኦክቶበር 1 ቀን 1960 ዓ.ም. ግን አገሪቱ ነጻ ወጣች። ገዦቹ ቢሄዱም ቋንቋቸው ቀረ። አንዱ ወገን የሌላውን ወገን ቋንቋ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ለመቀበል ስለሚያስቸግረው፥ እንግሊዝኛ ለፍርድ ቤትም ለትምህርት ቤትም የጋራ መነጋገሪያ ሆኖ ኖረ።

አዮ ባንጆ በሜይ 2 ቀን 1934 ዓ.ም. ከዮሩባ ሕዝብ ወገን ተወለዱ። አባታቸው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህን ነበሩ። ልጁም በሌጎስ ከተማ ባለው፥ ሁለት የሚሲዮን ማኅበሮች በ1932 ዓ.ም. ተባብረው ባቋቋሙት በኢግቦቢ ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም ባሕር ተሻግረው በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምረው በ1959 ዓ.ም. ማዕርግ አገኙ። ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በሊድስ፥ ኋላም በአሜሪካ በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ ተማሩ። በአሜሪካ ያጠኑት ትምህርት የቋንቋ ሳይንስ የሚባለው ነው፤ ይህም ቋንቋን ለመናገር ብቻ ሳይሆን፥ ቋንቋ ራሱ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚማሩት ነው።

ሰው ሩቅ አገር ሄዶ ብዙ ከተማረ በኋላ፥ አንዳንድ ጊዜ የእናቱን ቋንቋ ይንቃል። አዮ ባንጆ ግን እንዲህ አላደረጉም። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1966 ዓ.ም. በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ፤ በዚያው በ1969 ዓ.ም. የዶክተርነትን ማዕርግ ያገኙበት ድርሰት እንግሊዝኛንና ዮሩባን ጐን ለጐን አቁሞ የሚያስተያይ ነበረ። ሁለቱን ቋንቋዎች እንደ ሁለት እኩያዎች በአንድ ሚዛን መዘኗቸው እንጂ፥ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ አላደረጉም።

ልዩነታቸውስ ምንድር ነው? ዮሩባ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ያለው ቋንቋ ነው። «ኦኮ» የሚለው አንድ ቃል፥ ድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ መጠን፥ ባል፥ ዶማ፥ መርከብ ወይም ጦር ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ «ዋና» የሚለው ቃል ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት እንደ ሆነ፥ ሲላላም በውሃ ውስጥ መዋኘት እንደ ሆነ ያውቃልና። ደግሞም በዮሩባ ሁለት ተነባቢ ድምፆች ያለ አናባቢ አይገጣጠሙም፤ ቃልም እንደ እንግሊዝኛ በደረቅ ተነባቢ አያልቅም። ስለዚህ እንግሊዞች ዳቦን «ብሬድ» ሲሉት፥ ዮሩባዎች ቃሉን ተውሰው «ቡሬዲ» አሉት። የ«ዘ» ድምፅም በዮሩባ ስለሌለ፥ ያልለመደ ሰው በ«ዘ» ፋንታ «ሰ» ይላል። ደግሞም ዮሩባ ለታላቅ ሰው እንደ አማርኛ «እርስዎ» የሚል የአክብሮት ቃል አለው። እንግሊዝኛ ግን ለንጉሥም ለውሻም የሚለው አንድ ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ የዮሩባ ልጅ እንግሊዝኛ ሲናገር ቢሳሳት፥ ከስንፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ የእናቱ ቋንቋ በአፉ ውስጥ አስቀድሞ ቤት ሠርቶ ስለ ተቀመጠ ነው።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ይከራከሩ ነበር። ከእነርሱ ብዙዎቹ፥ «አፍሪካዊ ሲናገር ከእንግሊዝ የሚለይበት ሁሉ ስሕተት ነው፤ ትምህርት ቤትም ሊቀበለው አይገባም» ይሉ ነበር። አዮ ባንጆ በተማሩበት በሎስ አንጀለስ ያስተምር የነበረ ክሊፎርድ ፕሬተር የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ የየአገሩን እንግሊዝኛ ለተማሪዎች ምሳሌ አድርጎ ማቅረብን አጥብቆ ተቃወመ። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ ሁሉም እንደ ገዛ ልማዱ ቢናገር በመጨረሻ እርስ በርሱ አይሰማማም የሚል ነበረ።

አዮ ባንጆ በ1971 ዓ.ም. በጻፉት ጽሑፍ ለዚህ ክርክር መልስ ሰጡ። በናይጄርያ የሚነገረውን እንግሊዝኛ በአራት ደረጃ ከፈሉት። የመጀመሪያው፥ ትምህርት ያላገኙ ሰዎች የእናታቸውን ቋንቋ ሥርዓት እንዳለ ይዘው የሚናገሩት ነው፤ ይህን ከአገር ውጭ ያለ ሰው አይሰማውም። ሁለተኛው፥ ጥቂት የተማሩ ሰዎች የሚናገሩት ነው፤ ሰዋስዉ ወደ እንግሊዙ ይቀርባል፥ ድምፁና የቃላቱ አጠቃቀም ግን የአገሩን ልማድ እጅግ ስለሚከተል ለእንግዳ ሰው ያስቸግራል። ሦስተኛው፥ በደኅና የተማሩ ሰዎች የሚናገሩት ነው፤ ሰዋስዉ የቀና፥ ትርጕሙ የተጣራ፥ በማናቸውም አገር የሚሰማ ነው፤ ነገር ግን ሲሰሙት ተናጋሪው ናይጄርያዊ መሆኑ ይታወቃል። አራተኛው፥ ከእንግሊዝ ሰው አነጋገር ከቶ የማይለይ ነው።

ልጅ ይህን ሲሰማ፥ «ከሁሉ የሚሻለው አራተኛው ነው» ይላል። ሊቁ ግን ሦስተኛውን መረጡ። ምክንያቱን እንመልከት። አራተኛው አነጋገር በለንደን ይመሰገናል፤ በናይጄርያ ሰዎች ዘንድ ግን፥ ተናጋሪው ያላደገበትን ለብሶ የሚመጻደቅ ይመስላቸዋልና ልባቸውን አይከፍቱለትም። ከወንድሞቹ የሚለየው ንግግር፥ ምን ቢያምር፥ የንግግርን ሥራ አይሠራም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ግን በውጭ አገር ይሰማል፥ በአገር ውስጥም አይናቅም።

ነገር ግን አንድ ነገር በጥንቃቄ መታወቅ ይገባዋል። ሦስተኛው ደረጃ ሰነፍ የሚደርስበት አይደለም። ሊቁ ስሕተትን ሁሉ ይቅር አላሉም፤ አንደኛውንና ሁለተኛውን ለትምህርት ቤት ምሳሌ አላደረጉምና። ሰዋስዉን ማጥናት፥ ቃሉን ከነትርጕሙ ማወቅ፥ ሰው እስኪሰማው ድረስ ማጣራት ያስፈልጋል። የተተወው ሸክም አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የተወለዱበትን አገር ከአንደበት ለማጥፋት መድከም ነው።

አዮ ባንጆ በ1975 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቋንቋ ፕሮፌሶር ሆኑ። ከ1984 እስከ 1991 ዓ.ም. ደግሞ የኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ነበሩ፤ በእንግሊዞች ሥርዓት ይህ ስም ያለው ሰው ዩኒቨርሲቲውን በሥራ የሚያስተዳድር ዋና ሹም ነው። ኢባዳን በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመ የናይጄርያ ቀዳሚው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እነ ቺኑዋ አቼቤና እነ ወሌ ሾይንካ የተማሩበት ነው። ስለዚህ ሹመቱ ታላቅ ክብር ነበረ። ዘመኑ ግን ክፉ ነበረ። አገሪቱን የጦር መኰንኖች ይገዙ ነበር፤ የነዳጅ ዘይት ዋጋ ስለ ወደቀ መንግሥት ገንዘብ አጠረው፤ የአገሩም ገንዘብ ዋጋውን አጣ። ለመጻሕፍትና ለመሣሪያ የሚሆን ጠፋ፤ ብዙ መምህራን ደመወዝ ፍለጋ ወደ ውጭ አገር ተሰደዱ፤ በየዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎች ተቈጥተው ይነሡ ነበር። በቃላት መካከል በጸጥታ መኖር የለመደ ሊቅ፥ ከላይ መንግሥት ከታች ተማሪ በሚጫኑት ወንበር ላይ ተቀመጠ። እርሳቸውም ሥራውን ሳይተዉ ዘመናቸውን ፈጸሙ። በ1997 ዓ.ም. ያን ጊዜ የሚተርክ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ስሙንም «በኮርቻ ላይ» አሉት። በቅሎዋ ስትደነብር ኮርቻውን ሳይለቅ የሚቀመጥ ፈረሰኛ ስሙ ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ሹመት ካበቃ በኋላም አልተቀመጡም። በ1995 ዓ.ም. ከሌሎች ሊቃውንት ጋራ ሆነው ስለ ምዕራብ አፍሪካ እንግሊዝኛ የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስበው በአንድ መጽሐፍ አወጡ። ለናይጄርያ ደራስያን ሽልማት የሚሰጠውን ጉባኤ ለብዙ ዓመታት በሊቀመንበርነት መሩ። በኦዮ ከተማ በአጃይ ክራውዘር ስም የተጠራውን ዩኒቨርሲቲም በአስተዳደር ጉባኤው አለቅነት አገለገሉ። አጃይ ክራውዘር በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፥ በ1822 ዓ.ም. ከባሪያ መርከብ ላይ ነጻ ወጥቶ፥ በ1864 ዓ.ም. የአንግሊካን ጳጳስ የሆነ የዮሩባ ሰው ነው። እርሱም እንግሊዝኛን አጥርቶ ተማረ፤ በተማረውም የዮሩባን ሰዋስው ጻፈ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ዮሩባ ለመመለስ ደከመ። የባዕድን ቋንቋ ተምሮ የራስን ማበልጸግ በዚያ አገር አዲስ ነገር እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

አዮ ባንጆ ዘጠና ዓመት ከሞላቸው በኋላ፥ በሜይ 24 ቀን 2024 ዓ.ም. ዐረፉ። ከግላስጎ እስከ ሎስ አንጀለስ ተምረው፥ ከሃምሳ ዓመት በላይ በአገራቸው ትምህርት ደክመው፥ የደከሙበትን ትተው ሄዱ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ የባዕድ ቋንቋ ስትማሩ ይህን ሰው አስቡ። ብትሳሳቱ አትፈሩ፤ ስሕተት ለተማሪ መንገዱ ነው እንጂ ነውሩ አይደለም። በስሕተታችሁም አትኵሩ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው ዕለት ዕለት አርሙት። ጓደኛችሁ ሲሳሳት አትሣቁበት፤ በአንድ ሣቅ የተዘጋ አፍ በብዙ ዓመት ትምህርት ላይከፈት ይችላልና። አጥርታችሁ መናገር በቻላችሁም ጊዜ፥ ሰው በንግግራችሁ የማን ልጆች እንደ ሆናችሁ ቢያውቅ አትፈሩ። የሰው ቋንቋ ወደ ሰው ቤት የሚያስገባ በር ነው፤ በዚያ በር የሚገባ እንግዳም ስሙንና አገሩን ደጅ ላይ ጥሎ አይገባም።