ሁለት ጊዜ የጠፋብኝ ጆሮ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። የተወደዳችሁ አንባብያን፤ እኔ የዚህን ተረት እውነተኛነት የተማርሁት በገዛ ጆሮዬ ነው።

ቤታችን አቃቂ፥ ከዋናው መንገድ ዳር ነው። የከባድ መኪና ጩኸት ሌሊትም ስለማይለየን ዝምታ ምን እንደ ሆነ አላውቅም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር አንድ ቀን ጧት ስነቃ ግን መንገዱ ጸጥ አለብኝ። ደንግጬ በሌላው ጎኔ ብገለበጥ ጩኸቱ ተመለሰ። ለካ ዝም ያለው መንገዱ ሳይሆን ግራ ጆሮዬ ኖሯል!

ጓደኞቼ «ደንቆሮ» እንዳይሉኝ ፈርቼ ለማንም አልተናገርሁም። አስተማሪዬ በግራ በኩል ቆመው ሲጠሩኝ ዝም ብል ትዕቢት መሰላቸው። ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ጆሮዬ በራሱ ጊዜ ቀስ በቀስ ተከፈተ፤ እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ረሳሁት።

በመጋቢት ወር ግን እንደገና ጠፋ፤ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅም ያስቸግረኝ ጀመር። በዚህ ጊዜ ለእናቴ ነገርኋት። ጎረቤት «ኩክ ነው፤ ዘይት ጨምሩበት» ቢላትም፥ እርሷ ግን በማግሥቱ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሹካ የሚመስል ብረት መትተው ግንባሬ ላይ አኖሩና «በየት በኩል ይሰማሃል?» አሉኝ። «በቀኝ» አልሁ። «ኩክ ቢሆን በታመመው በኩል ይበረታ ነበር፤ የታመመው የጆሮህ የውስጡ ክፍል ነው» አሉ። በመሣሪያም ከለኩኝ በኋላ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ክኒን አዘዙልኝ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ እንደሚጠቅም ነገሩን፤ የብዙዎች ሕመም ምክንያቱ እንደማይታወቅ፥ ሁሉም ፈጽሞ እንደማይድን ግን አልሸሸጉንም።

በስምንተኛው ቀን እናቴ ቡና ስትወቅጥ የሙቀጫውን ድምፅ በግራ ጆሮዬ ሰማሁ። «እማዬ፥ እንዳታቆሚ፤ ወቅጪ!» አልኋት። ነገሩ ገብቷት፥ እንባዋ እየወረደ ወቀጠች።

ዛሬ ደኅና ነኝ፤ በግራ በኩል ግን ቀጭን ድምፅ እንደ ቀድሞው አልሰማም። ሕመሙ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ቢመጣም የምሄድበትን አውቃለሁ። ለአስተማሪዬም ሁሉን ነግሬያቸው፥ ቀኝ ጆሮዬ ወደ እርሳቸው በሚሆንበት በኩል አስቀመጡኝ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ጆሮ ድንገት ቢጠፋባችሁ አንድ ቀን እንኳ አትደብቁ። ወላጆችና አስተማሪዎችም፥ ሲጠሩት ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ትዕቢተኛ አይምሰላችሁ፤ አልሰማ ይሆናል።