የወንድም ስም፣ የእህት ሥራ

እንግሊዝኛ ውስጥ እምብዛም የማይሰማ ግሥ አለ፤ ቦውድለራይዝ። ከሌላ ሰው ድርሰት ነውር የተባለውን ቆርጦ ማሳተም ማለት ነው። መነሻው ቶማስ ቦውድለር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በ1818 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሼክስፒርን ተውኔቶች ለቤተሰብ ንባብ «አጽድቶ» በስሙ አሳተመ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን እህቱ ሄንሪየታ ናት። በ1807 የወጣውን፣ 20 ተውኔቶች የያዘውን የመጀመሪያ እትም ያዘጋጀችው እሷ ሆና ሳለ ስሟ አልተጻፈም። ያላገባች ጨዋ ሴት ያንን ሁሉ ብልግና አንብባ ገብቷታል መባሉ በዚያ ዘመን ሳያሳፍር አይቀርም።

ግሡ ዛሬ የሚነገረው ለወቀሳ ነው፤ ወቀሳውንም እደግፋለሁ፤ የሞተ ደራሲ ተነሥቶ አይከራከርም። መጽሐፍን ማሳጠር ብቻውን ግን ቦውድለራይዝ አይባልም፤ ቆረጣው ለጨዋነት ሲባል የተደረገ መሆን አለበት።