ቮልስዋገኗና የአባቴ ቃል

አሮጌ መኪና ሊሸጥልዎ የመጣ ሰው «ሁሉም ነገር ኦሪጅናል ነው» ቢልዎ ምን ብለው ይጠይቁታል? ቀለሙንና መቀመጫውን ማንም ያያል። ዘይቱ የሚዞርበትን ክፍል ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው፤ የሞተሩ ዕድሜ ደግሞ የተንጠለጠለው በዚያ ላይ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አባቴ በወጣትነታቸው ከሰው እጅ የገዟት የ1966 ሞዴል ቮልስዋገን አለችን። (የመኪናን ዘመን ስጠቅስ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ለማስተማር አሶሳ በተመደብሁ ጊዜ ሰጡኝና በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲና በባምባሲ በኩል ነድቼ አመጣኋት። ዘንድሮ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሊገዙን ፈለጉ። የሚሰጡት ገንዘብ የእኅቴን የትምህርት ወጪ ይሸፍናል። ነገር ግን የሞተሩ ዕቃ፣ በተለይም የዘይቱ ክፍል፣ የፋብሪካው ለመሆኑ በጽሑፍ እንዳረጋግጥላቸው ጠየቁ። አባቴም «ሞተሯ ተከፍቶ አያውቅም፤ ጻፍላቸው» አሉኝ። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ከእርሳቸው በፊት መኪናይቱ ሁለት ባለቤቶች ስለ ነበሯት፣ ከመፈረሜ በፊት በዓይኔ ለማየት ቈረጥሁ።

ቮልስዋገንን በአገራችን የማያውቃት የለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በእርሷው ነበር። በውጭው ዓለም ደግሞ ፖርሽ 356 የተባለችው ዝነኛ የስፖርት መኪና በ1948 በኦስትሪያ ስትወለድ ሞተሯን የወሰደችው ከቮልስዋገን ነው። ስለዚህ ዛሬ ያችን ፖርሽ የሚገዛ ባለጸጋ ስለ ዘይት ፓምፕ የሚከራከረው ክርክርና የእኛው የአሶሳው ክርክር ዘመዳሞች ናቸው፤ ልዩነቱ በኪሳችን ነው!

መኪናይቱ የውሃ ራዲያተር የላትም። ሙቀቷን የሚወስዱላት ነፋስና ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ናቸው። እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች የወረቀት ፊልትሮም የላትም፤ ከሞተሩ ግርጌ ያለች የሽቦ ወንፊት ናት ዘይቱን የምታጠልለው። በአሶሳ ቀይ አቧራና ሙቀት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሞተሩን ያወረድነው «ሃጂ» እያልን ከምንጠራቸው ሽማግሌ መካኒክ ጋር ነው። ዛሬ የሚበዛው ሥራቸው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ሲሆን፣ ቮልስዋገኗን ባዩ ጊዜ ፊታቸው በራ። የተያዘው በአራት ቡሎን ብቻ ስለ ሆነ ብዙም አላስቸገረንም። መጀመሪያ ከዲናሞው ሥር የተቀረጸውን የሞተር ቁጥር አጠብን። በላቲኑ ፊደል «ዲ» ከሆነ የ1200፣ «ኤፍ» ከሆነ የ1300፣ «ኤች» ከሆነ የ1500 ሞተር ነው። የእኛ «ኤፍ» ሆኖ ተገኘ፤ ደስ አለኝ።

ከዚህ በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ መመርመር ነው። የፋብሪካው ዕቃ የ«ቪ» እና የ«ደብልዩ» ምልክትና በሦስት በሦስት የተከፈለ ቁጥር ይኖረዋል። መካከለኛው ሦስት አኃዝ የዕቃውን ወገን ይናገራል፤ ለዘይት ፓምፕና ለወንፊት 115፣ ለዘይት ማቀዝቀዣ 117 ነው። የዘመኑን የቮልስዋገን የዘይት ፊልትሮ ቢያገላብጡ ያው 115 ይገኝበታል። ሆኖም ቁጥርን በሌላ ብረት ላይ መቅረጽ የሚያቅተው ሰው የለምና ሃጂ «መምህር፣ ጽሑፉን ብቻ አታንብብ፤ አገጣጠሙንም እይ» አሉኝ። ወንፊቱን ከመምጠጫው ቱቦ ጋር አገጣጥመው አሳዩኝ። የወንፊቱ ቀዳዳ ቱቦውን አጥብቆ ካልያዘው ዘይቱ ሳይጣራ በጎን ይገባል። የግርጌውን ክዳን ደግሞ በመስታወት ላይ አስተኙት፤ ስድስቱን ዳዶዎች ከመጠን በላይ የሚያጠብቅ ሰው ክዳኑን ያጣምመዋልና። ሁለቱም ደህና ነበሩ፣ ምልክቱም አለባቸው።

ማቀዝቀዣውም 117 አለበት። እርሱ የቆመው በነፋስ ማራገቢያው ቤት ውስጥ ስለ ሆነ ነፋሱን ይጋርድና ሦስተኛውን ሲሊንደር ከጓደኞቹ ይልቅ ያሞቀዋል። ፋብሪካው ራሱ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በ1300 እና በ1600 ሞተሮች ላይ ቦታውን ለወጠው። እንግዲህ ኦሪጅናል ሁሉ የተሻለ ነው የሚለውን ሰው እኔ አላምነውም። የአየር ማጣሪያውን ግን በማንም አልለውጠውም። አየሩ በዘይት ላይ እያለፈ አቧራውን እዚያ ይጥላል፤ ዘይቱን ለውጦ ጎድጓዳውን ማጠብ ብቻ ነው። አንድ ወጣት መካኒክ ይህን ጥለን የወረቀት እንድናስገባ መክሮን ነበር። ሃጂ መልስ እንኳ አልሰጡትም።

በመጨረሻ ከፑሌጃው በስተ ኋላ ያለውን ፓምፕ ስናጸዳ ክዳኑ ላይ የሌላ አገር ሠሪ ስም ወጣ። ጥርሶቹ ያልተበሉ፣ ጥሩ ፓምፕ ነው፤ ነገር ግን የፋብሪካው አይደለም።

ማታ ለአባቴ ደወልሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እኔ አላስከፈትሁም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፓምፑ በአራት ዳዶ የተያዘ ስለ ሆነ ሞተሩ ሳይከፈት ይለወጣል። ማን እንደ ለወጠው ብረቱ አይናገርም። «ታዲያ ሳይጠየቅ ማን ያየዋል?» አሉኝ። «ገዢው ጠይቀዋል፣ አባባ» አልኋቸው። እንደገና ዝም አሉና «የእኅትህን ነገር አስበህ የመሰለህን ጻፍ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከፓምፑ በቀር ሌላው የፋብሪካው ነው ብዬ ጻፍሁ። ገዢው የቀድሞው ፓምፕ እስኪገኝ ድረስ ከዋጋው ላይ ይቀነስ የሚል መልስ ላኩ፤ የሚቀነሰውም የእኅቴን ግማሽ ዓመት ወጪ ያህላል። ስለዚህ ፓምፑን በመፈለግ ላይ ነኝ። ከአንባብያን መካከል የተቀመጠበትን የሚያውቅ ቢኖር ያመልክተኝ። ነገር ግን ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠራው አይሁን፤ ከእኛው ካምሻፍት ጋር አይገጥምምና።