ቃር ነው ብዬ ነበር



ረመዳን ሲቃረብ "ደረቴን ያቃጥለኛል፣ መጾም እችላለሁ ወይ?" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ነርስ ስለሆንኩ ነው። ከመመለሴ በፊት ባለፈው ረመዳን እዚሁ ሜሪላንድ፣ በገዛ ቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴ ልትጠይቀን ከደሴ መጥታ አብራን ጾመች። ለኢፍጣር ሳምቡሳው፣ ሾርባው፣ ቀይ ወጡ፣ መጨረሻ ላይ ቡናው። ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ግን ሳሎን ቁጭ ብላ አገኛታለሁ። "ቃር ነው ልጄ፣ ሂጂ ተኚ" ትለኛለች። ተራዊሕ ላይ ሱጁድ ስትወርድ ጎምዛዛ ነገር ጉሮሮዋ ድረስ እንደሚመጣባት የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው፣ አፍራ።

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል እንደ በር የሚዘጋ ጡንቻ አለ። ሆድ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም ጡንቻው ሲላላ (እርጉዞች፣ የእናንተ ሆርሞንም ያላላዋል) አሲዱ ወደ ላይ ይወጣል። ጨጓራ ከአሲዱ የሚጠብቀው ሽፋን አለው፤ ቧንቧው እንደዚያ ያለ የለውም፣ ስለዚህ ይቃጠላል። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ባንዴ ሞልተን ስንጎነበስና ስንተኛ ምን እንደሚሆን አስቡት።

ስለዚህ በተምርና በውሃ አፍጥራ መግሪብ ትሰግዳለች፣ ከዚያ ትንሽ ትበላለች። የተጠበሰውን ቀነስን። የአልጋዋን ራስጌ እግሮች በእንጨት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረግን፤ ትራስ መደራረብ ሆድን አጥፎ ያብሰዋል። በግራ ጎን መተኛት አሲዱን ይቀንሳል ስላት "ሱናው በቀኝ ነው" ብላ ተቆጣችኝ። "በቀኝሽ ተኝተሽ ዱዓሽን አድርሺ፣ ከዚያ ወደ ግራ ዙሪ" ብዬ ታረቅን። ኦሜፕራዞሉንም ሲያቃጥላት ብቻ ነበር የምትውጠው፤ እሱ ግን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት፣ በየቀኑ የሚወሰድ ነው። በሱሑር ሰዓት ለጉልበቷ በድብቅ አይቡፕሮፌን ትወስድ እንደነበርም ደረስኩበት። ጨጓራን የሚያቆስል መድኃኒት ነው፣ አስጣልኳት።

አልሐምዱሊላህ፣ ተሻላት። እኔም ኮራሁ።

በመጨረሻዎቹ አስር ሌሊቶች በአንዱ ከመስጂድ ስንመለስ ደረጃው ላይ ቆመች። "አቃጠለኝ" አለች። "ሳምቡሳውን ተይ ብዬሽ ነበር" እያልኩ የሚጠጣውን የቃር መድኃኒት በማንኪያ ቀዳሁላት። ቁጭ ስትል ቀለል አላት። ግንባሯ ግን አልቦት ነበር፣ እጇም አገጯ ላይ። "ጥርሴንም አመመኝ" አለች።

ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰው ሲንቀሳቀስ የሚመጣ፣ ሲያርፍ የሚተው፣ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም። ይህን በየፈረቃው ለሌሎች የምናገር ሴት ነኝ። ለእናቴ ግን ሳምቡሳ ነው አልኳት።

"ለቃር አምቡላንስ? ሰው ምን ይለናል?" እያለች ባለቤቴ 911 ደወለ። አንዱ የልብ ደም ሥሯ ጠብቦ ነበር፤ በማግስቱ ስቴንት ገባላት። አንዳንዴ ቃርና ልብን በስሜት ብቻ መለየት ለሐኪምም ከባድ ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ ልብ በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ ወይም ባልተለመደ ድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። ላብ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ ያሉበትን አገር የድንገተኛ ቁጥር ደውሉ። ቃር ሆኖ ቢገኝ ማንም አይቆጣችሁም።

የቀሩትን ቀናት መጾም ስትከለከል አለቀሰች። የታመመ ቀዷ ያወጣል ብንላትም አልተጽናናችም፤ እኔም ብዙ አልተከራከርኳት።

ወደ ጥያቄያችሁ ስመለስ፦ ቃር ብቻ ያለባት ብዙ ጊዜ መድኃኒቷን ከሱሑር ወይም ከኢፍጣር በፊት አስተካክላ ትጾማለች፣ ግን ረመዳን ሳይገባ ሐኪሟን ታናግር። ምግብ ጉሮሮዋ ላይ የሚቆምባት፣ ያለምክንያት የምትከሳ ቀጠሮዋን አታዘግይ። ጥቁር ሰገራ ያየች ወይም ደም ያስመለሳት ደግሞ ጾሙንም ቀጠሮውንም ሳትጠብቅ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ትሂድ።

እናቴ አሁን ደሴ ናት። ትናንት ደውላ "ትንሽ አቃጠለኝ" አለች።

"ዳገት ስትወጪ ነው ወይስ ከበላሽ በኋላ?"

"ከገንፎው በኋላ ነው፣ በአላህ! ቅቤው በዛ" ብላ ሳቀች። ግፊቷን ተለክታ እንድትደውልልኝ አሁንም እየጠበቅኩ ነው።