በጨዋታ መኪና ውስጥ የሌለው ሰው

የልጄ ልጅ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለ ሞላው መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት ጀምሯል። ማታ ማታ ግን ጆይስቲኩን ይዞ በቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥና ሌላ ዓይነት መንዳት ይነዳል። አንድ ቀን ከጎኑ ሆኜ ስመለከት፤ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ፍሬን ሳይነካ ከግንቡ ጋር ተላተመና፤ ግንቡን ታክኮ መታጠፊያውን አለፈ። «ልጄ፤ ምን ማድረግህ ነው?» ብለው፤ «አባባ፤ እንዲህ ሲሆን ይፈጥናል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በዚያ ዓለም ይፈጥናል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የቪዲዮ ጨዋታን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ሽማግሌ አዲስ የመጣውን ነገር ሁሉ ሲነቅፍ መስማት እኔንም ያሰለቸኛል። ነገር ግን መኪና በነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ለማወቅ፤ ልጁን እየጠየቅሁና እያስደገምሁ አያሌ ማታ ተመልክቻለሁ።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1997 የወጣው ግራን ቱሪስሞ የተባለው ጨዋታ፤ የመኪናን አነዳድ ከእውነተኛው ጋር በማመሳሰሉ እጅግ የተደነቀ ነበር። ሆኖም መኪናው በምንም ነገር ቢላተም ቦዲው አይጨረማመትም። የመኪና ፋብሪካዎች ስማቸውንና የመኪናቸውን መልክ ለጨዋታ ሠሪዎች ሲፈቅዱ፤ ተሰባብሮ እንዲታይባቸው ብዙውን ጊዜ አይወዱምና። ነጋዴ ዕቃው ሲሰበር መታየቱን ባይወድ አያስደንቅም። በ2009 በወጣው ፎርዛ ሞተርስፖርት 3 ደግሞ ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ሲጫን ጊዜው ወደ ኋላ ይመለስለታል፤ ግጭቱም እንዳልነበረ ይሆናል።

ግራንድ ቴፍት አውቶ በሚባለው ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ2004 በወጣው በሳን አንድሬያስ፤ መኪናው ከተገለበጠ ወዲያው በእሳት ተያይዞ ይፈነዳል፤ በእውነተኛው መንገድ ግን የተገለበጠ መኪና ብዙውን ጊዜ አይቃጠልም። በ2008 በወጣው በአራተኛው ደግሞ ነጂው በመስተዋቱ በኩል ተወርውሮ አስፋልት ላይ ይወድቅና፤ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ተነሥቶ ይሄዳል። ቢሞትም ከሆስፒታል ደጃፍ ቆሞ ይገኛል፤ የጎደለው ነገር ቢኖር ከኪሱ ጥቂት ገንዘብ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በ2013 ለሕዝብ የቀረበው ቢም ኤን ጂ የሚባለው ነው። በዚህ ጨዋታ መኪናው እርስ በርሳቸው በተያያዙ አያሌ ነጥቦች የተሰላ ስለ ሆነ፤ በተመታበት በኩል ይጨረማመታል፤ ጎማው ይጣመማል፤ ራዲያተሩ ይፈሳል። በጠመኔ በሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርሁት የፊዚክስ ትምህርት ሥጋ ለብሶ የታየኝ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቼ ግን ወደ መኪናው መስኮት አተኩሬ ብመለከት፤ መሪውን የያዘ ሰው የለም። ወንበሩ ባዶ ነው። ብረቱ በእውነት ተሰበረ፤ የሚሰበረው ሰው ግን አልተሳፈረም።

በእውነተኛው መንገድ ግጭቱ አንድ ሳይሆን ሦስት ነው። መኪናው ከግንቡ ጋር ይጋጫል፤ ቀጥሎ ሰውየው ከመሪው ወይም ከመስተዋቱ ጋር ይጋጫል፤ በመጨረሻም አንጎሉ ከራስ ቅሉ፤ ልቡም ከደረቱ አጥንት ጋር ይጋጫል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከግንብ ጋር ቢላተም፤ ከ10 ሜትር ከፍታ ማለት ከሦስት ፎቅ ያህል ወርዶ እንደ መከስከስ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 100 ቢሞላ ከፍታው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 40 ሜትር ያህል ይሆናል እንጂ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፤ በ2021 በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትንም የሚገድላቸው ዋነኛው ነገር ይኸው ነው።

የማይሰበር መኪና የሚመኝ ግን የጨዋታ ልጅ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ «የድሮ መኪና ብረቱ ጠንካራ ነበር» እያልሁ ብዙ ዘመን አውርቻለሁ። በ2009 በአሜሪካ አገር በ1959 የተሠራ ሼቭሮሌት ቤል ኤርንና በ2009 የተሠራ ሼቭሮሌት ማሊቡን ሆን ብለው ፊት ለፊት አጋጯቸው። የድሮው ብረት የነጂውን መቀመጫ ይዞ ገባ፤ በነጂው ስፍራ የተቀመጠው አሻንጉሊትም ተጨፈለቀ። የአዲሱ አፍንጫ ተጨረማመተ፤ የሰው መቀመጫው ግን ጸንቶ ቆመ። የመርሴዲስ ቤንዝ መሐንዲስ የነበረው ቤላ ባሬኒ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ የመኪናው ፊትና ኋላ እየተጨረማመተ የግጭቱን ኃይል ይቀበል፤ መካከሉ ጸንቶ ሰውን ይጠብቅ አለ። ይሁን እንጂ ሰውየው ከወንበሩ ጋር ካልታሰረ የመኪናው መጨረማመት ብዙ አይጠቅመውም። የቮልቮ መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በ1959 በሦስት ስፍራ የሚይዘውን ቀበቶ ያወጣው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ አስተምር ነበር። በ1984 ዓ.ም. በአሮጌ ቮልስዋገን ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ፤ የሥራ ባልደረባዬ ከፊት ከጎኔ ተቀምጦ ነበር። ቀበቶዎቹ ከወንበሩ ሥር ተጠቅልለው ኖረዋል፤ አናወጣቸውም ነበር። በድንገት በጎች መንገዱን ሲያቋርጡ ፍሬኑን በኃይል ረገጥሁት። አንድም በግ አልነካሁም። እኔ መሪውን ጨብጬ ስለ ነበር ደረቴን ብቻ አመመኝ፤ የባልደረባዬ ግንባር ግን ከመስተዋቱ ጋር ተጋጨ።

እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። በሩን ከፍቼ ወረድሁና ዞሬ አስቀድሜ የመኪናውን አፍንጫ ተመለከትሁ። አንድ ጭረት አልነበረበትም። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ምንም አልሆነም» ብዬ ቀና ስል፤ ባልደረባዬ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል ይፈስስ ነበር። ግንባሩ ዐሥራ አንድ ቦታ ተሰፋ፤ ራስ ምታቱም ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም።

ይህን ነገር ለልጅ ልጄ ነገርሁት። ጨዋታውን አቁሞ ሰማኝና «እሱስ ምን አለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚያን ቀን ምንም አላለኝም። ዛሬ ግን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተን ሊጠይቀኝ ወደ ቤቴ ሲመጣ፤ ገና ከበሩ ላይ ቆሞ፤ ለጤናዬ ሳይጠይቀኝ «መኪናይቱ ደኅና ናት?» ይለኛል።