ከሁሩታ እስከ ቶኪዮ፦ ርካሽ ቲኬት ፍለጋ

ሁሩታ ላይ ቂብላን ለማግኘት ብዙ አያስቸግርም። ከተማችን ከመካ ጋር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ለመዋል የቀራት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ባዳንና ጭላሎን ከጀርባ አድርጎ ፊትን ወደ አዳማ መመለስ በቂ ነው፤ መካ ከዚያው ከሰሜን ናት። ሁሩታ ውስጥ የጅዳና የሪያድ ቲኬት ስንት እንደገባ የማያውቅ ቤተሰብ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እህቱን፣ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ወደዚያ ያልሸኘ ጥቂት ነውና።

በቅርቡ ግን ከዐስር ሶላት በኋላ በአንድ መስጊድ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለን የተጠየቅነው ጥያቄ ከሰሜን ሳይሆን ከምሥራቅ በኩል ነበር። አንድ በዕድሜ የገፉ የገብስና የስንዴ ነጋዴ ልጃቸው በጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ቶኪዮ ይማራል። «ከእናቱ ጋር ሆነን ለሁለት ሳምንት እረፍት ሄደን፣ እሱንም አይተን፣ አገሩንም አይተን ብንመጣ ርካሹ መንገድ የቱ ነው?» አሉን። ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ፣ ያገኘነውን ለውድ አንባቢያን በዚህ እትም ልናካፍል ወደድን።

የአርሲ ሰው ጃፓንን አያውቃትም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ በ2007 ኦሳካ ላይ በተካሄደው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር የወንዶቹንም የሴቶቹንም ወርቅ የወሰዱት ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሁለቱም የበቆጂ ልጆች ናቸው። እርግጥ ነው፣ ለእነርሱ ቲኬት መፈለግ የሌላ ሰው ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ጃፓን ሲያቀኑ ሳምንታት የሚፈጅ የባሕር ጉዞ ነበር የጠበቃቸው። ዛሬ ርቀቱ ያው ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆንም፣ ማታ ከቦሌ የተነሳ ሰው በማግስቱ ቶኪዮ ይደርሳል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ ናሪታ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ በ2015 በሆንግ ኮንግ በኩል ሲሆን፣ በኋላ መንገዱ በደቡብ ኮሪያ ኢንቾን በኩል ሆኗል። ከዚህ ሌላ በዱባይ፣ በዶሃና በኢስታንቡል አድርጎ መሄድ ይቻላል። እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን የሚያሳዩ እንደ ጉግል ፍላይትስና ስካይስካነር ያሉ መፈለጊያዎች በየስልኩ ስላሉ፣ ዋጋ ለማወዳደር አዲስ አበባ ድረስ መውጣት አያስፈልግም። የምንመክረው፣ እዚያ ላይ አወዳድሮ ሲያበቁ ግዢውን ከራሱ ከአየር መንገዱ መፈጸም ነው። ቀን መቀየር ወይም መሰረዝ ሲመጣ አነጋጋሪው አንድ ሲሆን ይቀላልና።

ዋጋውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ግን አየር መንገዱ ሳይሆን ወሩ ነው። ጃፓኖች ራሳቸው በብዛት የሚንቀሳቀሱባቸውና የውጭ እንግዳ የሚጎርፍባቸው ወቅቶች የታወቁ ናቸው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መግቢያ የቼሪ አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ ነው። ከሚያዝያ 21 ጀምሮ ለሳምንት ያህል በዓላት ተደራርበው ይውላሉ። በነሐሴ መጀመሪያ አካባቢ ሙታንን የሚያስቡበት ኦቦን የሚባል በዓል አለ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ አዲስ ዓመታቸው ይገባል። በእነዚህ ጊዜያት ቲኬቱም ማረፊያውም ይወደዳል። የልጆቻችን የክረምት እረፍት ከነሐሴው ግርግር ጋር መግጠሙ ያሳዝናል። በዚያ ላይ የነሐሴ የቶኪዮ ሙቀት ለደጋ ሰው የሚቻል አይደለም። ርካሹ ወቅት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ብርዱ ይቆነጥጣል፤ ነገር ግን የአርሲ ጋቢና ካፖርት ለምን ተፈጠረ? ትምህርት ቤቶቻችንም በጥር መጨረሻ የግማሽ ዓመት እረፍት አላቸው።

እዚህ ላይ ሙስሊም ቤተሰብ ሌላ የቀን መቁጠሪያ ደርቦ ማየት አለበት። በ2019 ዓ.ም. ረመዳን በየካቲት መጀመሪያ ሳምንት ገደማ የሚገባ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወደ ጥር ይገባል። ስለዚህ ርካሹ ወቅት ከጾሙ ጋር ይጋጫል። መንገደኛ ጾምን አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ማውጣት እንደሚፈቀድለት የታወቀ ነው። ሆኖም ጥቂት ሺህ ብር ለማትረፍ ተብሎ የረመዳንን ኢፍጣርና ተራዊሕ ከቤተሰብና ከጀመዓ ርቆ ማሳለፍ ለእኛ ርካሽ ሆኖ አልታየንም። ሌላው ረከስ የሚለው ወቅት ግንቦት ነው፤ የጃፓኖቹ በዓላት አልፈው ዝናባቸው ገና ያልጠና ጊዜ። በ2018ና በ2019 ዓ.ም. ግን ግንቦት የሐጅ ወቅት ስለሆነ፣ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች በኩል የሚያልፈው መንገድ ይጨናነቃል። በዚያን ጊዜ የሚሻለው በኢንቾን በኩል ያለው ነው።

ሐጅ ከተነሳ ዘንድ ነጋዴውን የጠየቅናቸውን እንንገራችሁ። «ጋሼ፣ ሐጅ አድርገዋል?» አልናቸው። «ገና ነው። ልጄን አይቼ ልምጣና ኢንሻአላህ» አሉ። በአካባቢያችን በሰፊው በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ፣ አቅም ያገኘ ሰው ለመፈጸም ቆርጦ እስካሰበ ድረስ ሐጁን ማዘግየት ይፈቀድለታል፤ ሌሎች ዑለማእ ግን ወዲያውኑ መፈጸም ግዴታ ነው ይላሉ። የመዝሀቡ ፈቃድም ቢሆን ጤናና ዕድሜ የሚያሰጋው ሰው ችላ እንዲል አይደለም። ለሁለት ሰው የጃፓን ጉዞ የተቀመጠ ገንዘብ ለአንድ ሰው ሐጅ የሚበቃ ከሆነ፣ በስልሳዎቹ መጨረሻ ያሉ አባት ጉልበታቸው ሳይደክም በመጅሊሱ በኩል ለሐጅ መመዝገቡን ቢያስቀድሙ እንመርጣለን። ስለ ልጁ ደግሞ አንድ ቀላል ሂሳብ አለ። ሁለት ወላጆች ቪዛ ለምነው፣ ሁለት ቲኬት ቆርጠው ከሚሄዱ ልጁ በእረፍቱ አንድ ቲኬት ቆርጦ ቢመጣ አገሩ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ማረፊያው የእናቱ ቤት ነው። ነጋዴው ይህን ሲሰሙ ሳቁና «እናቱ ግን ቶኪዮን ማየት ትፈልጋለች» አሉ። ይህም መብቷ ነው።

እንግዲያስ ለመሄድ የቆረጠ ቤተሰብ መጀመሪያ ገንዘቡን ቲኬት ላይ አያፍስስ። ኢትዮጵያዊ ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው አዲስ አበባ ለሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ነው። ልጅ ወይም ወዳጅ የሚጠራ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤና ዝምድናን የሚያስረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል። የጉዞ ፕሮግራምና ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድም ይቀርባል። የልደት የምስክር ወረቀት ከወረዳ ማውጣት፣ ማስተርጎም፣ ከቶኪዮ ደብዳቤ መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ሳምንታትን ይበላል። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ቦታ ማስያዝ እንጂ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት መግዛት አደጋ አለው። የአጭር ቆይታ ቪዛ ከወጣ በኋላ ለመግቢያ የሚያገለግለው ለ3 ወር መሆኑም መታሰብ አለበት። በጣም አስቀድሞ ማመልከትም ያስቸግራል።

በሌላ በኩል፣ ብዙ መዘግየትም ኪስ ይጎዳል። የዓለም አቀፍ ቲኬት ዋጋ መነሻው ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ስንዴውን ሸጦ ብሩን ቤት ያስቀመጠ ሰው ቲኬቱ በዶላር ባይጨምርም በብር ሲሸሸው ያያል። ስለዚህ ዝግጅቱ በቅደም ተከተል ይሁን፦ ሰነዱን በመኸር ወቅት መጨረስ፣ እህሉ ሲሸጥ ማመልከት፣ ቪዛው በወጣ ዕለት መቁረጥ።

አሁን ስለ አንድ ወጥመድ እናውራ። የምናውቃቸው ባልና ሚስት ከአንድ ቲኬት ሻጭ ዘንድ እጅግ ርካሽ ዋጋ አገኙ። ምሥጢሩ ቲኬቱ አንድ ሳይሆን ሁለት መሆኑ ነበር፤ ከቦሌ እስከ አንድ የእስያ ከተማ በአንዱ፣ ከዚያ እስከ ጃፓን ደግሞ በሌላ የቅናሽ አየር መንገድ። ሁለቱ ቲኬቶች ስላልተያያዙ ሻንጣቸው መሸጋገሪያው ከተማ ላይ ወጥቶ እንደገና መመዝገብ ነበረበት። ሻንጣውን ለማውጣት ወደ አገሩ መግባት ያስፈልጋል፤ ለመግባት ደግሞ ቪዛ፤ እነርሱ ግን አልነበራቸውም። ጉዳዩ ሲጣራ ሁለተኛው በረራ ሄደ። ሁለተኛው አየር መንገድ «ዘግይታችኋል» ከማለት ሌላ ግዴታ አልነበረበትም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ቲኬት አይመለከተውም። አዲስ ቲኬት በአየር ማረፊያ ዋጋ ገዙ። ሻጩ ይህን አልነገራቸውም፤ እነርሱም መጠየቅ እንዳለባቸው አላወቁም። በንግድ የዕቃን ነውር መደበቅ በሃይማኖታችን ምን እንደሆነ ለሻጮች ማስታወስ አያስፈልገንም። ለገዢዎች ግን አንዲት ጥያቄ እናስይዛችሁ፦ «ሻንጣዬ ከቦሌ ተነስቶ ቶኪዮ ድረስ ይሄዳል ወይ?» መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ርካሽነቱን እንደገና ቁጠሩት።

የቅናሽ አየር መንገዶች ለሻንጣ፣ ለምግብና ለመቀመጫ ለየብቻ ያስከፍላሉ፤ ይህ የእኛን ሰው በተለይ ይጎዳዋል። የሁሩታ እናት ልጇን ልትጎበኝ ስትሄድ ባዶ እጇን ትሄዳለች ብሎ የሚጠብቅ የለም። ስለ ስንቁም አንድ ማሳሰቢያ፦ ቋንጣ አይያዝ። ጃፓን ያለ ይፋ የጤና ማረጋገጫ ሥጋ ነክ ነገር አታስገባም፤ እ.ኤ.አ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ቁጥጥሩ ጠብቋል። በሶና የተቆላ ቡና ግን ሲገቡ ለኳራንቲን ሠራተኞች አሳይቶ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንዲያውም የገብስ ነገር ለጃፓኖች እንግዳ አይደለም። ቆልተው እንደ ሻይ የሚጠጡት ሙጊቻ የሚባል የገብስ መጠጥ አላቸው። የቤታችንን የገብስ ቆሎ ሽታ እዚያ ማግኘት አያስገርምም። በምግብ ቤት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዓሣና ሩዝ ነው ተብሎ የቀረበው ውስጥ ሚሪን የሚባል አልኮል ያለው ማጣፈጫ ወይም የአሳማ መረቅ ሊኖር ይችላል። በሶ በጥብጦ መጠጣት የሚያስመሰግነው ያኔ ነው፤ ወጪም ይቀንሳል።

ሶላትን በተመለከተ፣ የሁሩታ ሰው ቦሌ ሲደርስ ቀድሞውኑ መንገደኛ ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አንድ ቀን ቀድሞ ማደሩ ለጉዞውም ይበጃል፤ መንገድ ቢዘጋ ቲኬቱ አይቃጠልም። መግሪብና ዒሻእን ከመሳፈሩ በፊት አጣምሮ መስገድ ይችላል። ወደ ምሥራቅ ሲበር ፀሐይ ወደ እርሱ እየመጣች ስለሆነ ሌሊቱ ያጥራል። ቶኪዮ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ሰዓቱን ሳይቀይር የፈጅርን ጊዜ በአዲስ አበባ አቆጣጠር የሚጠብቅ ሰው ፀሐይ ወጥታ ታገኘዋለች። ቶኪዮ ሲደርስ ደግሞ ቂብላው ሰሜን መሆኑ ይቀራል፤ ወደ ምዕራብ ሆኖ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነብላል። የመግቢያና የመውጫው ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን በአንድ ከተማ ለመቆየት ያሰበ ሰው፣ በሻፊዒ መዝሀብ ሶላቱን ሞልቶ ነው የሚሰግደው።

ነጋዴውንና ባለቤታቸውን በመጨረሻ የመከርናቸው በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ የመውጣትን ቲኬት እንዲጠይቁ ነው፤ በቶኪዮ ገብቶ በኦሳካ መመለስ። በዱባይና በኢስታንቡል በኩል የሚሄዱት አየር መንገዶች ሁለቱንም ከተሞች ያገለግላሉ። ዋጋው ከደርሶ መልሱ ብዙ ካልራቀ፣ ከኦሳካ ወደ ቶኪዮ የሚመለሱበትን የባቡር ወጪ ያስቀራል። ለቱሪስት የሚሸጠው የ7 ቀን የባቡር ፓስ እ.ኤ.አ በጥቅምት 2023 ከ29,650 ወደ 50,000 የን ማሻቀቡን ስንነግራቸው፣ ጋሼ በሌሊት አውቶቡስ መሄድን መረጡ። ለአንድ አቅጣጫ ጉዞ ርካሹ እርሱ ነው።

በዚህ መንገድ ሁለት መስጊዶችን ያያሉ። በቶኪዮ ያለው እ.ኤ.አ በ1938 የተመሠረተው ነው፤ ሕንፃው አርጅቶ ከፈረሰ በኋላ በ2000 በቱርክ አሠራር እንደገና ተሠርቷል። ቀዳሚ ኢማሙ ከሩሲያ የተነሱት የታታር ዓሊም ዐብዱረሺድ ኢብራሂም ነበሩ፤ እ.ኤ.አ በ1909 ጃፓንን ተመላልሰው ካዩ በኋላ በስተርጅና ተመልሰው በ1944 እዚያው አረፉ። ሁለተኛው ኦሳካ አጠገብ በኮቤ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ በ1935 የተከፈተው የጃፓን የመጀመሪያ መስጊድ ነው። በ1945 ከተማውን ያወደመው የቦምብ ድብደባም በ1995 የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥም አልጣለውም። እናትየው ስለ እርሱ ስንነግራቸው ከሁሉ በፊት የጠየቁት የሴቶች መስገጃ እንዳለው ነበር። አለው አልናቸው። ባለቤታቸው ወረዳው ቢሮ የልደት ወረቀት ለማስወጣት ሰኞ ጠዋት እንደሚሄዱ ነግረውናል።