የምጣዱ ሬዚስታንስ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬም እንጀራው ዓይን አላወጣም። አብሲቱ በወጉ ተጥሏል፣ ሊጡም ኩፍ ብሏል። ባለቤቴ አክንባሎውን አንስታ ልሙጡን እንጀራ አየት አደረገችውና «መብራቱ አቅም የለውም» አለች። እኔ «ምጣዱ ይሆናላ» ብዬ አለፍኩ። ምጣዱ ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም።

ማታ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አነበብኩ፤ 220 ቮልት፣ 3,500 ዋት። ዋቱ ለቮልቱ ሲካፈል 15.9 አምፔር፣ ቮልቱ ለአምፔሩ ሲካፈል 13.8 ኦም ገደማ። መርካቶ ገብቶ «ሬዚስታንስ አለ?» ላለ ሰው የሚሰጠው የተጠቀለለ ሽቦ ነው። የፊዚክስ መምህራችን በዚያው ቃል የሚጠሩት ግን ይህን ቁጥር ነበር። ተማሪ ሳለሁ ሁለቱ የሚዛመዱ አይመስለኝም ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ልጄ የአሥረኛ ክፍል የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። ባለ 100 ዋት አምፖል ሬዚስታንሱ ስንት ነው? 220 በ220 አባዝታ፣ ለ100 አካፍላ 484 ኦም አገኘች። እዚያ ላይ ብትተወው ደህና ነበር። ከመሳቢያ አንድ የድሮ አምፖል ፈልጋ በቴስተሬ ለካችው። 38 አለ።

«አባዬ፣ ቴስተርህ ተበላሽቷል!»

አልተበላሸም። ቴስተሩ በባትሪው የሚልከው ትንሽዬ ከረንት አምፖሉን አያሞቀውም። ሲበራ ግን የውስጡ ክር ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል፤ ያኔ ሬዚስታንሱ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። አምፖል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሲያበሩት ቷ ብሎ የሚቃጠለውም ለዚህ ነው፤ ክሩ ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ በዚያች ቅጽበት ብዙ ከረንት ይገባበታል።

የምጣዱ ሽቦ ከኒኬልና ከክሮሚየም ስለሚሠራ ጋለ ቀዘቀዘ ብዙም አይለወጥም። ስፒናውን ነቅለን ለካነው። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አነካካን፤ 0.3 አለ፣ የገመዶቹ የራሳቸው ነው። ያንን ስንቀንስ 13.5 ኦም። ምጣዱ ጤነኛ ነው። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።

መለኪያው በስሙ የተጠራው ኦም ራሱም ቮልቱ እየተዋዠቀ አስቸግሮት ነበር። በዘመኑ ባትሪ መለካት ቢጀምር ከረንቱ አልረጋ ስላለው ባትሪውን ትቶ ሁለት የተለያዩ ብረቶች አጋጠመ፤ አንዱን መጋጠሚያ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ አድርጎ በሙቀት ልዩነታቸው የረጋ ከረንት አገኘ። ቮልትን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚያያይዘውን ሕጉን በመጽሐፍ ያወጣው በ1827 እ.ኤ.አ. ነው። ለልጄ ስነግራት «በኛ ሠፈር መብራት ቢሆን ኖሮ አያገኘውም ነበር» አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሠፈሩ ሁሉ በሚጋግርበትና በሚያበስልበት ሰዓት ሶኬቱን ለካሁ። ምጣዱ ሳይሰካ 201 ቮልት። ሲሰካ 190።

190 ለ13.8 ሲካፈል ወደ 13.8 አምፔር ይመጣል፤ በ190 ሲባዛ 2,600 ዋት ገደማ። ቮልቱ የወረደው በመቶ 14 ያህል ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ሩቡን አጥቷል። ቮልቱ ሲወርድ ከረንቱንም ይዞት ይወርዳልና ጉዳቱ ሁለቴ ነው። ለቆጣሪውም ቢሆን አልቀለለ፤ ምጣዱ እስኪግል እየተጠበቀ፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቀው ጋገራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

ሲሰካ የጠፋችው 11 ቮልትስ? በ13.8 አምፔር ስትባዛ 150 ዋት ነች፤ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ እየነደደች ነው። ስፒናውን ብነካው ፈጀኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። ብሬከሩን አጥፍቶ ሶኬቱን በካቻቢቴ ሲከፍተው ፕላስቲኩ ቡና መስሏል፣ አንደኛው ብሎን ልል ነው። ላልቶ የተያዘ ገመድ 0.2 ኦም ቢኖረው በ15.9 አምፔር 50 ዋት ያመነጫል፤ በአውራ ጣት በምታህል ቦታ። ሶኬቱ ተቀየረ። ምጣዱ ሲሰካ አሁን 196።

«ጋሼ፣ ካልበቃዎት ሬዚስታንሱን ትንሽ ልቁረጥልዎት?» አለኝ። ብዙ ቤት የሚደረግ ነው። ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ ምጣዱም ይግላል። ወረቀት አወጣሁ። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 12.4 ኦም ይቀራል፤ ለማታው ደግ ነው። ሌሊት 220 ሲመጣ ግን 17.7 አምፔር ይስባል፣ ብሬከሩ ደግሞ የ16 ነው። የተቆረጠውን ሽቦ ብሎ ብሬከሩንም በትልቅ የሚቀይር ሰው አይጠፋም፤ ያኔ የሚነደው ግድግዳ ውስጥ ያለው ገመድ ነው። ይቅርብኝ አልኩት።

«እርስዎ በወረቀት ነው የሚጋግሩት» ብሎ ሳቀብኝ። ሒሳቡን ግን አንዴ ቆም ብሎ አየው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ነገ ሚካኤል ነው። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ ምጣዱን አሰሰች። ቴስተሬን ይዤ ተከተልኳት፤ ተሰክቶ እንኳ 216። ቁጥሩን ልነግራት ስል እንጎቻውን ሰፌዱ ላይ አውጥታ ወደኔ ገፋ አደረገችው። ዓይኑ ጥቅጥቅ ብሏል።

«ምጣዱ ነበር ያልከው አይደል?» አለችኝ።

የቴስተሩ አንዱ ጫፍ ሊጥ ነክቶት ደርቋል፤ ስፍቀው ነው ያረፈድኩት።